የቆሙት ካራቫኖች፦ ድንኳን ከመተከሉ በፊት እዚያ ማን ያድር ነበር?

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መተሐራን ያለፈ መንገደኛ፣ በግራው የፈንታሌን ተራራ በቀኙ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ሜዳ ያያል። ሜዳውን አቋርጦ ወደ ደቡብ የዘለቀ ደግሞ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ወደ ታች የሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። ከሥሩ አዋሽ ይፈሳል።

በዚህ አፋፍ ላይ ለብዙ ዓመታት ከረዩ ሎጅ የሚባል ማረፊያ ነበር። የእንግዳ ክፍሎቹ ግንብ አልነበሩም። በመኪና የሚጎተቱ፣ ጎማ ያላቸው ካራቫኖች ነበሩ፤ በገደሉ ጫፍ ተደርድረው ቆመዋል። ድንኳን ይዞ የመጣ መንገደኛ ደግሞ ከፏፏቴው አጠገብ በወንዙ ዳር፣ ከግራር ጥላ ሥር ይተክላል። ጠዋት ተነስቶ በሜዳው ላይ የሳላ መንጋ ማየት፣ ማታ የጅብ ድምፅ እየሰሙ መተኛት፣ ከወንዙ አዞ መራቅ፤ በኢትዮጵያ ዱር ማደር ማለት ለብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪና የውጭ አገር ሰው መጀመሪያ የተዋወቀው በዚህ ቦታ ነው።

ካራቫኖቹ እዚያው እንደቆሙ አረጁ። በሎጁ ስም የሚጠራው ሕዝብ፣ ከረዩ፣ ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ከፈንታሌ ተዳፋት ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ፈንታሌ ሲመላለስ የኖረ አርብቶ አደር ነው። ፓርኩ ከተከለለ በኋላ ይህ መመላለስ ወንጀል ሆነ። እንዲንቀሳቀስ የተሠራው ቤት ቆመ፤ መንቀሳቀስ ኑሮው የሆነው ሰው ቁም ተባለ። ስሙ ግን በሎጁ በር ላይ ተጻፈለት።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ካራቫን» የሚለው ቃል ራሱ ከፋርስ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም በበረሃ አብረው የሚጓዙ ነጋዴዎች ማለት ነበር። በእኛ ቋንቋ ቅፍለት ወይም ሲራራ የሚባለው ነው። ይህ ስም ደግሞ ለአዋሽ ሸለቆ እንግዳ አይደለም። ከታጁራና ከዘይላ ወደብ ተነስቶ ወደ ሸዋ የሚወጣው ንግድ ሁሉ በአንድም በሌላም መሻገሪያ አዋሽን ይሻገር ነበር። ጨው፣ ጨርቅ፣ ጠመንጃ ይገባል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ዝባድ፣ ባሪያም ይወጣል። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የላከው ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ እስከ አንኮበር የተጓዘው በዚህ መንገድ ነው። ገጣሚነቱን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦም በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነስቶ አንኮበር ለመድረስ አራት ወር ገደማ ፈጅቶበታል።

እነዚህ ሰዎች ስለ መንገዱ ከጻፉት ሁሉ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፤ ምሬት። የሚያማርራቸው ሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ከታጁራ ሳይነሱ በፊት ለሱልጣኑ እጅ መንሻ ይሰጣሉ። ግመል አቅራቢው ጋር ለሳምንታት ይከራከራሉ። በየጎሣው ወሰን የሚያሻግር አስጠጊ ይቀጥራሉ፤ ያ ሰው ዋስ ነው፣ መንገደኛው ላይ አንዳች ቢደርስ ተጠያቂው እሱ ነው። ውኃ ባለበት ሁሉ ባለቤት አለ። ጨርቅ ይሰጠዋል፣ ትምባሆ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጭነት የሚራገፈው። ለአውሮፓዊው ይህ ሁሉ ዝርፊያ መሰለው። ነገሩን ከባለ ውኃው ወገን ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። መቶ ግመል ይዞ የመጣ እንግዳ በአንድ ሌሊት ያንዱን መንደር የሳምንት ውኃ ይጨርሳል። ሳሩንም ይበላል። ስለዚህ ይጠየቃል፣ ይከፍላል፣ ያልፋል።

ክፍያው ዕቃ ብቻም አልነበረም። አፋር ዳጉ የሚለው ሥርዓት አለው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ፣ የት ተዋጉ፣ ማን ሞተ፣ ማን ያልታወቀ ሰው በየት በኩል አለፈ። ዛሬ በስልክ ላይ በየቻናሉ የምንቀባበለውን ወሬ የአፋር በረሃ ያለ ኢንተርኔት ሲሠራበት ኖሯል፤ ያውም የተሳሳተ ወሬ ያቀበለ ሰው በሚያፍርበት ሁኔታ። እንግዳው በዳጉ ውስጥ ሲያልፍ ማንነቱ፣ የሚሄድበት፣ የያዘው ሁሉ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ባዳ ሆኖ ዱር ውስጥ ማደር የሚባል ነገር አልነበረም። ዱሩ ሁሉ ሰው ያውቀዋል።

በዚያው ዘመን ሌላ የድንኳን ባህል ደጋውን ይገዛ ነበር። ይህኛው ግን አይጠይቅም።

«ከተማ» የምንለው ቃል የመጣው ከ«ከተመ» ነው፤ ሰፈረ ማለት። ነገሥታቱ ለዘመናት ከቦታ ቦታ በሚዘዋወር የድንኳን ሰፈር ውስጥ ኖረው አገር ገዝተዋል። ከ1520 ጀምሮ ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ጽፏል። የንጉሡ ድንኳኖች ከሜዳው ከፍ ባለው ቦታ ላይ ይተከላሉ። ድንኳን ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የፍርድ ድንኳን አለ፣ ገበያው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ መኳንንቱ ግራና ቀኝ እንደ ማዕረጋቸው ይሰፍራሉ። ሰፈሩ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ቢተከልም አቀማመጡ ስለማይለወጥ ማንም ቦታውን አያጣም። ማዕረጎቻችንም የወጡት ከዚህ ነው። ፊታውራሪ በፊት የሚሄደው፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጃዝማች ደጁን የያዘው። የመንግሥቱ አወቃቀር ድንኳን ከመትከል ሥርዓት ጋር አንድ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

ያን ሁሉ ሠራዊት የሚመግበው ማን ነው? የሰፈሩበት አገር ገበሬ። እህሉ ያልቃል፣ ከብቱ ይታረዳል፣ ዛፉ ለማገዶ ይቆረጣል፤ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሳል። ድንኳኑ የሚነቀለው ገበሬው ባዶውን ሲቀር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ለጥቂት ከዚህ ዕጣ ተርፋለች። በ1900 ግድም አፄ ምኒልክ አዲስ ዓለምን መሥራት የጀመሩት እንጨት ስላለቀ ነበር። ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ የሚያድገው ዛፍ በመጣ ጊዜ ከተማዪቱ መንቀሳቀሷን አቆመች።

እንግዲህ አገሪቱ ሁለት የሰፈር ባህል ነበራት ማለት ነው። አንዱ የሲራራው ነው፤ ባለ ውኃውን ጠይቆ፣ ከፍሎ የሚያድር። ሁለተኛው የከተማው ነው፤ የደረሰበትን ምድር የራሴ ነው ብሎ የሚሰፍር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሦስተኛ ሰፋሪ መጣ፤ ቱሪስቱ። ይህኛው ከማንም ያነሰ ይበላል፣ ከማንም የበለጠ ይከፍላል፣ ሁለት ሌሊት አድሮ ይሄዳል። ለሲራራው ባህል ከእሱ የተሻለ እንግዳ አይገኝም ነበር። መንግሥት ግን የተቀበለው በከተማው ባህል ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሕግ ነው። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 በማንም ስም ያልተያዘን ንብረት፣ ደንንና የግጦሽ መሬትን ጨምሮ፣ የመንግሥት ይዞታ አደረገው። ደገኛው ገበሬ ርስቱን በዘር ቆጥሮ ሊከራከር ይችላል። የከረዩ ሽማግሌ ግን አዋሽ ዳር ያለው ሜዳ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት የለውም፤ ሜዳውም በዚያ ወር ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከብቱ ሌላ ቦታ ነውና። ዓመቱን ሙሉ ሰው የማይታይበት መሬት ለሕግ ባለቤት የሌለው ሆኖ ታየ። ለአርብቶ አደር ግን ባዶ የሚመስለው መሬት የተቀመጠ መሬት ነው። ሳሩ ለበጋ ይቆያል። በጋ ሲመጣ ካልተገኘ ከብቱ ይሞታል።

ከዚያ ተከታትለው መጡ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ሸንኮራ ተከለ፤ ፋብሪካው በ1954 ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሥራውም የሸለቆውን ውኃና መሬት ለእርሻ ማከፋፈል ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሸንኮራው መተሐራ ደረሰ፤ ይህ እንግዲህ የከረዩ እምብርት ነው። በ1966 ፓርኩ ተቋቋመ፣ በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ወንዙ ዳር ያለው ለም መሬት ለሸንኮራ፣ ቀሪው ሜዳ ለሳላ ሆነ። ከረዩ በሁለቱ መካከል ቀረ። ለሸንኮራው ቢያንስ ስኳር ይወጣበታል ተብሎ ምክንያት ይሰጣል። ለፓርኩ የተሰጠው ምክንያት ግን ለየት ያለ ነበር፤ ተፈጥሮው ሰው ያልነካው ሆኖ ይቆይ የሚል። ሰው ያልነካው ለማስመሰል ደግሞ መጀመሪያ ሰውን ማስወጣት ያስፈልጋል።

ሐሳቡ የመጣው በአብዛኛው ከውጭ ነው። የመጀመሪያው የዩኔስኮ ዋና ዳይሬክተር የነበረው ጁሊያን ሃክስሊ የመራው ቡድን በ1963 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲጀመር መከረ። እነዚህ ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም። የዱር አራዊቱ በእርግጥ እያለቀ ነበር፤ ጠመንጃ በበዛበት አገር ሳላን፣ ቆርኬን፣ ዋልያን ማን ይጠብቃቸዋል የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ በአዋሽ ሜዳ ላይ ሳላ የሚታየው ፓርክ ስለነበረ ነው። ችግሩ ያለው በመፍትሔው ውስጥ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ የሠሩት ባለሙያዎች የሚያውቁት ፓርክ በቅኝ ገዥ የተከለለ ፓርክ ነበር፤ ነዋሪው የወጣበት፣ ጎብኚው የሚገባበት። ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም ብለን የምንኮራውን ያህል፣ ይህን ንድፍ ግን በራሳችን ንጉሥ፣ በራሳችን ነጋሪት፣ በራሳችን ጥበቃ ፈጸምነው።

ከ1991 የመንግሥት ለውጥ ጋር ጥበቃው ሲላላ አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ወደ ፓርኩ ተመለሰ። ጋዜጦች ፓርኩ ተወረረ አሉ። ወረራ ማለት የሰውን መውሰድ ነው፤ ማን የማንን እንደወሰደ ግን ታሪኩን ከየት ጀምረን እንደምንቆጥር ይወስነዋል። አራት ዓመት ቆይቶ የወጣው የ1995 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ለአርብቶ አደሩ በነፃ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት ሰጠ። ይህ አንቀጽ ከ1955ቱ ጋር ሲተያይ ተቃራኒው ነው። በአዋሽ ሜዳ ላይ ግን ሁለቱም አብረው የሚኖሩ ይመስላሉ፤ መብቱ በወረቀት፣ ክልከላው በስካውቱ ክላሽ።

ከአዋሽ ቆላ ወደ ሰሜን ተራሮች ቢወጣም ታሪኩ መልኩን ይለውጥ እንጂ ሌላ አይሆንም።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የድንኳን ቦታዎቹ ስም በዓለም መንገደኛ ዘንድ የታወቀ ነው። ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ። ከደባርቅ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ ነጂና ጠመንጃ የያዘ ስካውት ተቀጥሮ ይጀመራል፤ በመጀመሪያው ሌሊት ሳንቃ በር፣ በሁለተኛው ግጭ። ግጭ ከ3,500 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት በጅብራው መካከል ተሂዶ እሜት ጎጎ ላይ ሲቆም ምድር ከእግር ሥር ያልቃል። ጭላዳው በመቶዎች ሆኖ ሳር ይነጫል። በኢትዮጵያ ውስጥ ድንኳን ለመትከል ከዚህ የበለጠ ውብ ቦታ አለ ብሎ መከራከር ይከብዳል።

ፓርኩም እንደ አዋሽ በ1969 ነው የታወጀው። ከመታወጁ በፊት ለሁለት ዓመት በጥበቃ ኃላፊነት የሠራው ከዌልስ የመጣው ክላይቭ ኒኮል ነበር፤ በኋላ በጃፓን ታዋቂ ደራሲ ሆነ። በሰሜን ስላሳለፈው ጊዜ መጽሐፍ ጽፏል፤ ስለ ተራራው ያለው ፍቅር ልባዊ ነው፤ ዛፍ ቆራጩ ገበሬ ላይ ያለው ንዴትም እንዲሁ። በ1978 ሰሜን ተራሮች ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ኢትዮጵያ የተደሰተችበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ግድም የደርግ መንግሥት በፓርኩ ቆላማ ወገን ከነበሩ መንደሮች ከ1,000 በላይ ሰዎችን በኃይል አስወጣ። የመጀመሪያው ዜና በየመጽሐፉ ይገኛል። ሁለተኛውን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

በ1996 ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። የዋልያ መቀነስ፣ በፓርኩ ውስጥ ያለፈው መንገድ፣ የሰውና የከብት ብዛት ምክንያት ሆነው ቀረቡ። ከመዝገቡ ለመውጣት ብዙ ነገር ተሠራ፤ የፓርኩ ወሰን ሰፋ፣ መንገዱን የማዛወር ሥራ ተጀመረ። አንዱ ሁኔታ ደግሞ የነዋሪው ቁጥር መቀነስ ነበር። በ2016 የግጭ መንደር ተነሳ። ከ400 በላይ አባወራ፣ ወደ 2,500 የሚጠጋ ሰው፣ ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቶት ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ ወረደ። በ2017 ሰሜን ተራሮች ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር «አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ» ብሎ ጠራው፤ መጽሐፉም በአውሮፓ ብዙ አከራከረ።

የብላንን ስያሜ እንዳለ መዋጥ አያስፈልግም። የግጭ አምባ በግጦሽ የተጎዳ እንደነበር ተመራማሪዎች ለዓመታት ጽፈዋል፤ ገብስ ለማምረት የታረሰው ተዳፋት ዓመት በዓመት አፈሩን ሲያጣ ነበር። ከተነሱትም ውስጥ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የቀረበላቸው አሉ። ግን አንድ ነገር ይታሰብ። ግጭ ላይ ድንኳን የተከለ እንግዳ በቅሎ የሚከራየው ከማን ነበር? ቡና የሚጠጣው ማን ቤት ገብቶ ነበር? ማታ እሳት ዳር የአምባውን ተረት የሚነግረው ማን ነበር? ገበሬው ከግጭ ሲነሳ ያጣው እርሻውን ብቻ አይደለም፤ በአርባና ሃምሳ ዓመት ውስጥ የለመደውን ሁለተኛ ሥራ፣ እንግዳ ማስተናገድን፣ አብሮ አጣ። በከተማ ዳርቻ መሬት የሌለው ገበሬ ምን ይሠራል የሚለውን ለመገመት አጥኚ መላክ አያሻም።

ዋልያውስ? ከ2020 ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት ጎብኚው ቀረ፣ ጥበቃውም ላላ። የዋልያው ቁጥር በአሳሳቢ ሁኔታ መቀነሱም ይፋ ሆኗል። ነዋሪው ከወጣ አራዊቱ ይድናል የሚለው ስሌት ጠመንጃን አልቆጠረም ነበር።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል ደግሞ መንዝ አለ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጓሳ የሚባል አምባ አለ። ስሙ የሳሩ ስም ነው። መንዞች በዚህ ሳር ቤት ይከድኑበታል፣ ገመድ ይገምዱበታል። ሳሩ በየዓመቱ ቢታጨድ ያልቃል፤ ስለዚህ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ተጠቃሚው የአስቦና የጌራ አቅኚ አባቶች ዘር ነው። አምባው ለሦስት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ተራ ገብቶ ይጠበቃል። ሳሩ ሲደርስ በሕዝብ ፊት ቀኑ ይነገራል፤ ያን ቀን ሁሉም ገብቶ ያጭዳል። ከቀኑ በፊት የገባ ሰው ቅጣቱ ቤቱን እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ዩኔስኮ ከመቋቋሙ ከ300 ዓመት በፊት ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት የእኩልነት ገነት አልነበረም። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ሰው ከጓሳው ድርሻ የለውም፤ በ1975 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ የፈረሰውም ለዚህ ነው፤ መሬት ላራሹ ሲባል በዘር የተያዘ ግጦሽ ሊቆም አይችልም። አምባው ለሁሉ ተከፍቶ ከተጎዳ በኋላ ነዋሪው በየቀበሌው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን እንደገና አቆመው፤ በዚህ ጊዜ ዘር ሳይቆጠር። ቆይቶም በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተባለ። ዛሬ በጓሳ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ ጅብራው አለ። የማኅበረሰቡ ማረፊያና የድንኳን ቦታም አለ። እንግዳው የሚከፍለው ለሳሩ ባለቤቶች ነው፤ መንገድ የሚያሳየው፣ በቅሎ የሚያከራየው ከአምባው ዳር ያለው መንዜ ነው። ማንም ከቤቱ አልተነሳም፤ ቀበሮውም አልጠፋም።

መንዝ ብቻም አይደለም። በባሌ በኩል አዳባና ዶዶላ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ድጋፍ የተጀመረው ሥራ የደን ነዋሪዎችን በማኅበር አደራጅቶ ደኑን አስረከባቸው፤ በፈረስ እየተጓዘ ከጎጆ ጎጆ፣ ከድንኳን ቦታ ድንኳን ቦታ የሚያድረው መንገደኛም ክፍያው ለፈረሰኛውና ለጎጆ ጠባቂው ይደርስ ነበር። የወንጪ ሐይቅ ገበሬዎችም ፈረስና ጀልባ በተራ እያወጡ ለዓመታት እንግዳ አስተናግደዋል፤ በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ያላት ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን ወንጪ፣ ጎርጎራ፣ ሃላላ ኬላ የትልልቅ ሎጆች ቦታ ሆነዋል። መንገዱ ጥሩ ነው፣ አልጋው ምቹ ነው፣ አገሪቱም የምትኮራበት ነገር አግኝታለች። ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ደስ የሚል ነገር አለ፤ የአዲስ አበባ ወጣት ድንኳን መግዛት ጀምሯል። ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ተከራይቶ ወደ ሱባ ደን፣ ወደ ወንጪ፣ ሰላም በሆነ ጊዜም ወደ ጓሳ ይወጣል። ፎቶ ያነሳል፣ እሳት ያነዳል፣ «ሰው የማያውቀው ቦታ አገኘን» ብሎ ይለጥፋል። ሱባን ሰው አያውቀውም የሚለው ልጅ፣ ደኑ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ዘሩ ተዘርቶ የተተከለ መሆኑ ቢነገረው ሳይገረም አይቀርም።

በአዋሽም በጋ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር አይቀርም። ከመተሐራ በኩል በሸንኮራው አጥር፣ ከፈንታሌ በኩል በአስፋልቱና በባቡሩ ሐዲድ መካከል ግመሎች ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ከኋላቸው ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ የከረዩ ልጅ አለ። የፓርኩ ወሰን ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ስካውቱ በየት በኩል እንዳለ ያያል። በአፋፉ ማዶ እንግዶቹ ድንኳናቸውን ተክለው እራት ያበስላሉ። ልጁ ጨለማውን ይጠብቃል።